ካሸሯ ከወንበሯ ስትነሳ ፕሮግራሙ እንዴት ይወቅ?

ጅማ፣ አጂፕ አካባቢ ላለ አንድ መድኃኒት ቤት የሽያጭ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። ስድስት ወር ያለ ችግር ሠራ። ከዚያ አንድ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ 1,840 ብር ጎደለ። ከቀኑ 7፡12 ላይ የተሰረዘ ሽያጭ አለ፤ የተሰረዘው በካሸሯ ስም ነው። ልጅቷ እንባ እየተናነቃት "ወንድሜ፣ እኔ በዚያ ሰዓት ምሳ ላይ ነበርኩ" አለችኝ። እውነቷን ነበር። አብረዋት የበሉ ሰዎች መሰከሩላት። ስክሪኑን ሳትዘጋ ተነስታለች፣ ሌላ ሰው ተቀምጦበታል፣ ፕሮግራሙ ደግሞ የነካውን ሁሉ እሷ ናት ብሎ መዝግቧል።

ልጅቷ ደመወዟ ሊቆረጥ ነበር። ያን ማታ ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ከአንድ ሰው በላይ የሚጠቀምበት ፕሮግራም ራሱን የሚቆልፍበት መንገድ ሳይኖረው ከእጄ አይወጣም።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ለሱቅ፣ ለክሊኒክ፣ ለመጋዘን የዴስክቶፕ ፕሮግራም ለምትሠሩ ነው። ምሳሌዎቼ በሲ ሻርፕና በዊንዶውስ ፎርምስ ናቸው። እዚህ ጅማ የሚያጋጥሙኝ ማሽኖች ከሞላ ጎደል ዊንዶውስ ናቸውና። ሌላ ቋንቋ ለምትጠቀሙም ጥቂት እላለሁ።

ታይመር ጊዜ አይለካም

ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንሠራው እንዲህ ነው። በየሰከንዱ የሚጮህ ታይመር እናስቀምጣለን። አንድ ቁጥር እንይዛለን። ታይመሩ በጮኸ ቁጥር አንድ እንጨምራለን፣ ማውስ ሲነካ ወደ ዜሮ እንመልሳለን፣ 180 ሲሞላ እንቆልፋለን። እኔም የመጀመሪያውን እንዲሁ ሠራሁት። ቤቴ ስሞክረው ልክ ነበር። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ግን አንዴ በሦስት ደቂቃ፣ አንዴ በአራት ደቂቃ ይቆልፋል።

ነገሩ ወዲህ ነው። የዊንዶውስ ፎርምስ ታይመር የሚጮኸው ደብሊው ኤም ታይመር በሚባል መልእክት ነው። ዊንዶውስ ይህን መልእክት የሚያስተናግደው ከሌሎቹ በኋላ ነው። ሰልፉ ላይ የማውስ ወይም የኪቦርድ መልእክት ካለ እሱ ይቀድማል። የወሩን ሪፖርት በዋናው ትሬድ (ስክሪኑን በሚያንቀሳቅሰው የኮድ መስመር) ላይ ስታወጡ ፕሮግራሙ 40 ሰከንድ ቢደርቅ፣ 40 ጩኸት ተጠራቅሞ አይጠብቃችሁም። ሪፖርቱ ሲያልቅ አንድ ብቻ ይመጣል። ሌላው ጠፍቷል። ማይክሮሶፍትም ቢሆን ለዚህ ታይመር የሚሰጠው ትክክለኛነት 55 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ለመለኪያነት አልተሠራም።

ለሱሁር በር እያንኳኳ የሚቀሰቅሳችሁን ሰው አስቡ። ፈጅር ሊገባ ስንት ደቂቃ እንደቀረ እሱ አይወስንም። እሱ ይቀሰቅሳል፣ እናንተ ሰዓት ታያላችሁ። አንኳኪው ቢዘገይም ሰዓቱ ልክ ነው። ታይመርም እንዲሁ ነው። ጩኸቱን አትቁጠሩ። ሲጮህ ተነሱና ሰዓቱን እዩ።

የትኛውን ሰዓት?

"የመጨረሻው ንክኪ መቼ ነበር?" ብላችሁ ዊንዶውስን መጠየቅ ትችላላችሁ። ተግባሩ ጌት ላስት ኢንፑት ኢንፎ ይባላል፣ ዩዘር 32 ዲኤልኤል ውስጥ ነው። ሁለት ክፍል ያለው ትንሽ ስትራክት (ጥቂት ቁጥሮችን አብሮ የሚይዝ ቅርጽ) ትሰጡታላችሁ። የመጀመሪያው ክፍል የስትራክቱ መጠን ነው፤ 8 ባይት። ይህን ሳትሞሉ ብትጠሩት "አልተሳካም" ብሎ ይመልሳችኋል። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። በሁለተኛው ክፍል መልሱን ታገኛላችሁ፤ ማውስ ወይም ኪቦርድ ለመጨረሻ ጊዜ የተነካበትን ቅጽበት።

ቅጽበቱ የሚለካው ማሽኑ ከተነሳ ጀምሮ ባለፈ ሚሊ ሰከንድ ነው። በሲ ሻርፕ የአሁኑን ቆጠራ ከኢንቫይሮንመንት ቲክ ካውንት ታገኛላችሁ። ከአሁኑ የመጨረሻውን ንክኪ ስትቀንሱ፣ እኔ "ዝምታ" የምለውን ታገኛላችሁ፤ ማሽኑ ሳይነካ የቆየበትን ጊዜ።

እዚህ አንድ ወጥመድ አለ። ቁጥሩ 32 ቢት ነው። ከ49.7 ቀን በኋላ ሞልቶ ከዜሮ ይጀምራል። ምልክት ያለው ኢንቲጀር ከሆነ ደግሞ ገና በ24.9 ቀን አሉታዊ ይሆናል። "ማሽኑን በየማታው ስለሚያጠፉት አያሰጋኝም" አትበሉ። በዊንዶውስ 10 ላይ ፋስት ስታርትአፕ ከበራ፣ ሹት ዳውን ሲባል ከርነሉ (የዊንዶውስ እምብርት) ይተኛል እንጂ አይጠፋም። ቆጠራው ይቀጥላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሁለቱንም ምልክት ወደሌለው ኢንቲጀር ቀይራችሁ ቀንሱ። ቁጥሩ መሃል ላይ ቢዞርም ልዩነቱ ልክ ሆኖ ይወጣል።

ዴት ታይም ናው የሚሰጣችሁን የግድግዳ ሰዓት ግን ለዚህ ሥራ አትጠቀሙ። የማዘርቦርዱ ባትሪ የሞተ ማሽን ብዙ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ኢንተርኔት ሲያገኝ ደግሞ ዘሎ ወደ ዛሬ ይመጣል። ያኔ ፕሮግራማችሁ ዝምታው ዓመታት የፈጀ ይመስለውና ካሸሯ እየጻፈች ሳለ ይቆልፍባታል። መርካቶ ውስጥ አንድ ባለሱቅ ደግሞ ኮምፒውተሩ "በእኛ ሰዓት" እንዲነግረው ብሎ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መለሰው። ዝምታው አሉታዊ ሆነ። ለስድስት ሰዓት ምንም አልቆለፈም። የማሽኑ ቆጠራ እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም።

ማን ዝም ሲል ነው?

ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ይህን ጥያቄ ባለቤቱን ጠይቁ። ከላይ ያልነው ተግባር የሚነግራችሁ የማሽኑን ዝምታ ነው። ካሸሯ የእናንተን ፕሮግራም ከኋላ አድርጋ ኤክሴል ላይ ብትሠራ ማሽኑ ዝም አላለም። ፕሮግራማችሁ ግን ሰው ከነካው ግማሽ ሰዓት ሊሆነው ይችላል።

ለመድኃኒት ቤትና ለሱቅ የማሽኑ ዝምታ ይበቃል። ጥያቄው "ወንበሩ ላይ ሰው አለ ወይ?" ነውና። አንድ ኮምፒውተር ብዙ ሰው ለብዙ ነገር የሚጠቀምበት ቢሮ ከሆነ ግን የፕሮግራሙን ዝምታ ለኩ። ለዚህ አይ ሜሴጅ ፊልተር የሚባል ኢንተርፌስ አለ። እሱን ሠርታችሁ በአፕሊኬሽን አድ ሜሴጅ ፊልተር ትመዘግቡታላችሁ። ወደ ፕሮግራሙ የሚመጣ መልእክት መጀመሪያ በእሱ በኩል ያልፋል። የምትፈልጓቸው ቁጥሮች በአሥርዮሽ እነዚህ ናቸው፦ 256 ቁልፍ ተጫነ፣ 260 ከአልት ጋር ቁልፍ ተጫነ፣ 512 ማውስ ተንቀሳቀሰ፣ 513 የግራ ጠቅታ፣ 522 የማውስ ጎማ። አንዱ ሲመጣ የአሁኑን ቆጠራ መዝግቡና ፎልስ መልሱ። ትሩ ከመለሳችሁ መልእክቱን ዋጣችሁት ማለት ነው፤ ኪቦርዱ የሞተ ይመስላል።

512ን አትመኑት። ማንም ማውስ ሳይነካ ሊመጣ ይችላል፤ ለምሳሌ በጠቋሚው ሥር ያለ መስኮት ሲዘጋ ወይም ሲከፈት። ስለዚህ የጠቋሚውን ቦታ ካለፈው ጋር አስተያዩ። ካልተለወጠ አትቁጠሩት።

አፕሊኬሽን አይድል የሚል ክስተትም አለ። ስሙ ያታልላል። እሱ የሚነግራችሁ የመልእክት ሰልፉ ባዶ መሆኑን ነው። ሰው በሁለት ፊደል መካከል ጣቱን ሲያነሳም ይመጣል። ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ማቆለፊያውን እንሥራ

ዶት ኔት ውስጥ ብዙ ታይመር አለ። ለስክሪን ሥራ የዊንዶውስ ፎርምስን ያዙ፤ ደብሊው ፒ ኤፍ ከሆነ ዲስፓቸር ታይመርን። ሁለቱም ስክሪኑ ባለበት ትሬድ ላይ ይጮኻሉ። ሲስተም ታይመርስ ውስጥ ያለው ካልተነገረው በስተቀር በሌላ ትሬድ ላይ ይጮኻል። ከእዚያ ሌብል ወይም በተን ስትነኩ ስህተት ሊወረወር ይችላል፤ ታይመሩ ደግሞ ስህተቱን ውጦ ዝም ይላል። ፕሮግራሙ ምንም ሳይል መቆለፍ ያቆማል። ሁለት ቀን ፈልጌዋለሁ። ሲስተም ትሬዲንግ ውስጥ ያለውን ደግሞ በፊልድ ካልያዛችሁት ጋርቤጅ ኮሌክተር (የማይፈለግ ሜሞሪ ጠራጊው) ይጠርገዋል።

የማየት ሥራው ይህ ነው፦

ዝምታ = የአሁን ቆጠራ − የመጨረሻ ንክኪ
ቀሪ = 180,000 − ዝምታ
ቀሪ ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ከሆነ፦ ታይመሩን አቁም፣ ቆልፍ
ካልሆነ፦ ታይመሩ ከ"ቀሪ" ሚሊ ሰከንድ በኋላ ይቀስቅስ

የመጨረሻው መስመር የሚገርም እፎይታ ይሰጣል። ዝምታው አሁን 50 ሰከንድ ከሆነ፣ ከ130 ሰከንድ በፊት ሊቆለፍ የሚችልበት መንገድ የለም። በየሰከንዱ መነሳት ለምን አስፈለገ? መብራት ሄዶ ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራ ይህ ልዩነት ያመጣል። በቀሪው ላይ 50 ሚሊ ሰከንድ ጨምሩበት፤ ቆጠራው ራሱ በ10 እና በ16 ሚሊ ሰከንድ መካከል እየዘለለ ስለሚሄድ ለጥቂት ቀድሞ እንዳይነሳ።

ከመቆለፉ 30 ሰከንድ በፊት ግን አስጠንቅቁ። ከስክሪኑ በላይ በኩል አንድ ቢጫ መስመር ይምጣ፣ ሰከንዱ ወደ ታች ይቁጠር። ለዚያች 30 ሰከንድ ብቻ ታይመሩን በየሰከንዱ አድርጉት። ሜሴጅ ቦክስ አታውጡ። ሰው ሲጽፍ ድንገት ከመጣበት ሳያነብ ኢንተር ይጫነዋል።

"ታይመሩን አቁም" ያልኩት ከ"ቆልፍ" በፊት መሆኑን አስተውሉ። የፓስዎርዱ መስኮት ተከፍቶ ሲጠብቅ ታይመሩ መጮኹን አያቆምም። ሳታቆሙት ብትቆልፉ ሁለተኛ መስኮት ይከፍታል፣ ሦስተኛ ይከፍታል። አንድ ጠዋት የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ደውሎ "ፓስዎርዱን አልቀበል አለኝ" አለኝ። ሄጄ ሳየው ተቀብሎታል። ግን ከሥሩ ሌላ ተመሳሳይ መስኮት አለ። ከእሱም ሥር ሌላ። ሌሊቱን ሙሉ ሲደረደር አድሯል።

ሲቆለፍ ምን ይሁን?

ከሁሉ በላይ የምጨነቅበት ይህ ክፍል ነው። መቆለፍ ማለት መዝጋት አይደለም። ፋርማሲስቷ አሥራ አንድ መድኃኒት አስገብታ፣ አንድ አባትን አወሳሰዱን እያስረዳች ሳለ ፕሮግራሙ ፎርሙን ቢዘጋባት፣ ማቆለፊያውን ትጠላዋለች። ኪቦርዱ ላይ ስቴፕለር ጭኖ የሄደ ሠራተኛ በዓይኔ አይቻለሁ። የተጫነ ቁልፍ እየደጋገመ መልእክት ይልካል፤ ማሽኑ ሰው ያለ ይመስለዋል። ልጁ አልተሳሳተም። ሥራውን እያጠፋ ከሚያስቸግረው ነገር ራሱን ተከላከለ።

ስለዚህ ፎርሙ ከነጽሑፉ ባለበት ይቆይ፣ ዓይን ብቻ ይከልከል። ሙሉ ስክሪን የሚሸፍን የመቆለፊያ ፎርም ክፈቱ። ክፍት የሆኑትን ሌሎች ፎርሞች በአፕሊኬሽን ኦፕን ፎርምስ እየዞራችሁ ኦፓሲቲያቸውን ዜሮ አድርጉ፤ እንዳይታዩ። ሃይድ አትበሉ። በሾው ዳያሎግ የተከፈተ ፎርም ሃይድ ከተባለ እንደተዘጋ ይቆጠራል፤ ከእሱ በኋላ ያለው ኮድ መሮጥ ይጀምራል። ያልተወሰነ ሽያጭ በራሱ "ካንስል" ሆኖ ሊያልፍ ይችላል።

ሲከፈትስ? ያው ሰው ከተመለሰ ካቆመበት ይቀጥል። ሌላ ሰው በራሱ ፓስዎርድ ከገባ ግን የጀማሪው ረቂቅ ይንጠልጠል፣ አዲሱ ሰው በባዶ ፎርም ይጀምር። የልጅቷ ነገር የመጣው ከዚህ ነው። የአንዱ ሽያጭ በሌላው ስም መቆረጥ የለበትም። የተቆለፈበትንና የተከፈተበትን ሰዓት፣ ከከፈተው ሰው ስም ጋር፣ መዝገብ ላይ ጻፉት።

ጊዜውን ስንት እናድርገው? እኔ አንድ ጊዜ 60 ሰከንድ ብዬ ነበር፤ ስቴፕለሩ የመጣው ያኔ ነው። ከዚያ ለአንድ ሳምንት ሳይቆልፍ ዝምታዎቹን ብቻ እንዲመዘግብ አደረግኩት። ሰዎቹ ሲሠሩ የሚተዉት ዝምታ ከሦስት ደቂቃ ብዙም አያልፍም ነበር። ባለቤቱ ለዙህር ሶላት ሲወጡ፣ ወይም ጓዳ ቡና ተፈልቶ ሁሉም ሲሰበሰብ ግን ረጅሙ ይመጣል። ቁጥሩን ከእዚያ ወሰድኩ። እናንተም ከራሳችሁ አትገምቱ፤ እዚያው ቦታ ለኩ።

ሚዛኑ ሰው ነው ወይስ አይደለም?

አጋሮ መንገድ ላይ ለአንድ የቡና መጋዘን ያንኑ ማቆለፊያ አስገባሁ። ኅዳር ነበር፣ ጀንፈል በጆንያ እየገባ ነው። አውራጆቹ ጆንያ ሚዛን ላይ ያወጣሉ፣ ቁጥሩ ራሱ ወደ ፕሮግራሙ ይገባል፣ ያወርዳሉ። መዛኙ ኪቦርድ አይነካም፤ ዓይኑ ጆንያው ላይ ነው። በሁለተኛው ቀን ጠራኝ። "አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገርህ ሰው ትከሻ ላይ ጆንያ እያለ ፓስዎርድ አምጣ ይለኛል" አለ።

ልክ ነው። ሚዛኑ የተያያዘው በሲሪያል ፖርት ነው። በዚያ የሚመጣ ቁጥር ለዊንዶውስ የሰው ንክኪ አይደለም። የባርኮድ ማንበቢያ ግን አብዛኛው ራሱን እንደ ኪቦርድ ስለሚያቀርብ ይቆጠራል። መድኃኒት ቤቱ ላይ ችግሩን ያላየሁት ለዚህ ነው።

"ነካሁ" የምትባል ትንሽ ተግባር ሠራሁ፤ የአሁኑን ቆጠራ ትመዘግባለች፣ በቃ። ሚዛኑ ቁጥር ሲልክ እሷን ጠራሁ። አሁን ደግሞ ጭራሽ አልቆለፍ አለ! ሚዛኑ ባዶም ሆኖ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይልካል፤ 0.0፣ 0.2፣ 0.0 እያለ ያድራል። ስለዚህ ክብደቱ ካለፈው ከ5 ኪሎ በላይ ሲለወጥ ብቻ "ነካሁ" ይባል አልኩ። ጆንያ ሲወጣና ሲወርድ ይህ ይሟላል። ነፋስና አቧራ አያሟሉትም።

ሁለት ጥንቃቄ አለ። የሲሪያል ፖርቱ ዳታ ሪሲቭድ ክስተት በሌላ ትሬድ ላይ ስለሚመጣ እዚያ ውስጥ ስክሪን አትንኩ፤ ቁጥሯን ብቻ በኢንተርሎክድ (ሁለት ትሬድ እንዳይጋጩ በሚጠብቀው) ጻፉ። ከዚያ ሁለት ዝምታ ይኖራችኋል፣ የማሽኑና የሚዛኑ። ሁለቱንም አስሉና አነስተኛውን ውሰዱ።

ላፕቶፑ ተከድኖ ሲከፈት

ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ዝምታው 50 ሰከንድ ላይ ሳለ ላፕቶፑ ተከደነ እንበል። ማሽኑ ተኛ። ታይመሩም ተኛ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሌላ ሰው ከፍቶ ማውሱን ነካ። ታይመሩ ሲነቃ የመጨረሻው ንክኪ የዛሬ አንድ ሰከንድ ነው። "ሰው አለ" ብሎ ያልፋል። ስክሪኑ በቀድሞዋ ሰው ስም ክፍት ነው።

በሲስተም ኢቨንትስ ውስጥ ፓወር ሞድ ቼንጅድ አለ። "ሪዚዩም" ሲላችሁ ምንም ሳትጠይቁ ቆልፉ። በተጨማሪ ታይመሩ ራሱ ያለፈውን የመንቂያ ቅጽበት ይያዝ። ከ130 ሰከንድ በኋላ ሊነሳ ቀጠሮ ይዞ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከተነሳ፣ መሃል ላይ ተኝቷል ማለት ነው፤ ይቆልፍ። ፕሮግራሙ ሲዘጋ ከሲስተም ኢቨንትስ ራሳችሁን ማላቀቅ አትርሱ። እሱ ስታቲክ ስለሆነ ፎርማችሁን ይዞ ይቀራል።

በሌላ ቋንቋ ለምትሠሩ፦ በኤሌክትሮን ፓወር ሞኒተር ውስጥ ጌት ሲስተም አይድል ታይም ዝምታውን በሰከንድ ይሰጣችኋል። በፓይተን ቲኪንተር አፍተር ታይመር ነው፣ ባይንድ ኦል የፕሮግራሙን ንክኪ ይይዛል። በጃቫ ስዊንግ የስዊንግን ታይመርና የኤደብሊውቲ ኢቨንት ሊስነርን ተጠቀሙ። ሊኑክስ ላይ በኤክስ 11 የስክሪን ሴቨሩ ኤክስቴንሽን ይነግራችኋል፤ ዌይላንድ ላይ ግን ያ መንገድ አያስተማምንም። ዊንዶውስ ላይ ዝምታውን ከሰርቪስ ውስጥ ለመለካት አትድከሙ። ተግባሩ የሚያየው የተጠራበትን ሴሽን (የአንድ ተጠቃሚ መግቢያ) ብቻ ነው፣ ሰርቪስ ደግሞ ሰው በማይቀመጥበት ሴሽን ዜሮ ውስጥ ነው የሚኖረው።

ስትሞክሩት 180ን ከኮዱ አውጥታችሁ ከኮንፊግ ፋይል ይነበብ። 5 ሰከንድ አድርጉና እነዚህን አድርጉ። ግማሽ የተጻፈ ሽያጭ ትታችሁ እጃችሁን አንሱ። ሜሴጅ ቦክስ ክፍት ሳለ ጠብቁ። ረጅም ሪፖርት አስጀምራችሁ ጠብቁ። የኮምፒውተሩን ሰዓት በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሱ። ላፕቶፑን ክደኑና ክፈቱ። በሌላ ሰው ፓስዎርድ ክፈቱና የማን ስም መዝገቡ ላይ እንደወጣ እዩ። ከዚያ ደንበኛው ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ኮንፊጉን ክፈቱና 5ቱን ወደ 180 መልሱት።